36ቱ ወር እንዳይባክን፦ ከውትድርና ወደ ነርስነት ለሚሄዱ ልጆቻችን ምን እናድርግ?

(በማኅበራችን የሩብ ዓመት ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሂሳብ ክፍል ሰው ሲነሣ «ዛሬ ደግሞ ያልከፈለ ሊጠራ ነው» ተብሎ እንደሚፈራ እናውቃለን። አይዟችሁ፣ ዛሬ ስለ መዋጮ አልመጣንም። የመጣነው በብዙዎቻችን ቤት ስላለ፣ ግን ማንም ቁጭ ብሎ ስላልቆጠረው ሀብት ልንነግራችሁ ነው። ይህ ሀብት በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ ልጆቻችን፣ ባሎቻችን፣ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን በላባቸው ያገኙት የትምህርት መብት ነው። በወር ይቆጠራል፤ ቁጥሩም 36 ነው። በደንብ ከተያዘ ሰውን ነርስ አድርጎ ያስመርቃል። ካልተያዘ ግን ሳይታወቅ ያልቃል፤ ሲያልቅም ማንም ደውሎ አይነግረንም።

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ሁላችን ልጆቻችን ለምን ውትድርና እንደሚገቡ እናውቃለን። አንዱ ለትምህርቱ ብሎ ይገባል። አንዱ ዜግነቱን ቶሎ ለማግኘት፣ ሌላው ለቤተሰቡ ሸክም ላለመሆን። እ.ኤ.አ. በ2008 የተፈቀደው ማቭኒ የተባለ ፕሮግራም ግሪን ካርድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች በቋንቋቸውና በሕክምና ሙያቸው መቀበል ሲጀምር፣ ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ የእኛው አማርኛ ነበር። (ዛሬ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ልጆቹ ሲመለሱ ድፎ ዳቦ እንደፋለን፣ ቡና እናፈላለን፣ እልል እንላለን። በሁለተኛው ሳምንት ግን ቤቱ ዝም ይላል። ልጁ ታክሲ መንዳት ወይም መኪና ማቆሚያ ላይ መሥራት ይጀምራል። «ትምህርቱስ?» ሲባል «እገባለሁ» ይላል። እንዲህ እያለ ዓመት ያልፋል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚያ ዓመት ነው።

ለምን ነርስነት?

ሙያ ሞልቶ ሳለ ስለ ነርስነት የምንናገረው ለሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው፣ ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ሲ.ኤን.ኤ.፣ ኤል.ፒ.ኤን. ወይም አር.ኤን. ሆናችሁ ሌሊቱን በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ የምታድሩ ናችሁ። መንገዱን በእግራችሁ ስለ ሄዳችሁበት ከማንም አማካሪ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው፣ ጦሩ ራሱ ለዚህ ሙያ የሚሆን ሰው ይሠራል፤ ሌሊት መንቃት፣ በግርግር መካከል መረጋጋት፣ የታዘዘውን በትክክል መፈጸም፣ የሠሩትን በጽሑፍ ማስፈር የለመደ ሰው ያወጣል።

ለእኛም አገር ነርስነትና ጦር የተራራቁ አይደሉም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራለች። በ1942 ካረፈች በኋላ በስሟ አዲስ አበባ ላይ የተሠራው ሆስፒታል፣ ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው። የንጉሥ ልጅ አልጋ አንጥፋ፣ ቁስል አጥባ ተምራለች። ወታደር ሆኖ የተመለሰ ወንድ ልጃችን «ነርስነት የሴት ሥራ ነው» ሲል ብንሰማው ይህን እናስታውሰው።

መብቱ ምንድን ነው?

ጂ.አይ. ቢል የሚባለው ሕግ የተጀመረው በ1944 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሚመለሱ ወታደሮች ሲፈርሙት ነው። አሁን አብዛኛው ልጃችን የሚጠቀምበት ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ ላገለገሉ የወጣውና ከነሐሴ 2009 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ሦስት ነገር ይከፍላል። በመንግሥት ኮሌጅ የአገሬውን ሰው የትምህርት ክፍያ ሙሉ በሙሉ፤ ለመጻሕፍት በዓመት እስከ 1,000 ዶላር፤ ለቤት ኪራይ ደግሞ ወርኃዊ አበል። አበሉ የሚሰላው ትምህርት ቤቱ በሚገኝበት ዚፕ ኮድ ስለሆነ በእኛ አካባቢ ጥሩ ገንዘብ ነው። ለግል ኮሌጅ ግን በየዓመቱ የሚወሰን ጣሪያ አለው።

እዚህ ላይ ሁለት 36 አለ፤ እንዳይምታታባችሁ። አንደኛው 36 የአገልግሎት ወር ነው፤ በድምሩ 36 ወር በሙሉ ጊዜ ያገለገለ ሰው መብቱን 100 ከመቶ ያገኛል። ከ24 እስከ 30 ወር ያገለገለ 80 ከመቶ፣ ከ90 ቀን እስከ 6 ወር ያገለገለ ደግሞ 50 ከመቶ። በአገልግሎት ላይ በደረሰበት ጉዳት የተሰናበተ፣ ወይም ቆስሎ ፐርፕል ኸርት የተሸለመ ግን ጊዜው ቢያጥርም ሙሉውን ያገኛል። ሁለተኛው 36 የትምህርት ወር ነው። የኮሌጅ ዓመት ዘጠኝ ወር ያህል ስለሆነ፣ 36 ወር ማለት አራት የትምህርት ዓመት ማለት ነው።

ቀኑንም እንይ። ከጥር 1 ቀን 2013 ጀምሮ የወጣ ሰው፣ በ2017 በወጣው ሕግ መሠረት የጊዜ ገደብ የለበትም። ከዚያ በፊት የወጣ ግን ከወጣበት ቀን አንሥቶ 15 ዓመት ብቻ ነው ያለው። በ2012 የወጣ ወንድም ያላችሁ፣ የእሱ መብት በ2027 ይዘጋል። ዛሬ ማታ ደውሉለት።

ባሎቻችሁ ገና በጦሩ ውስጥ ያሉ እኅቶች ደግሞ ይህን ስሙ። 6 ዓመት ያገለገለና 4 ዓመት ለመጨመር የሚፈርም ወታደር መብቱን ለሚስቱ ወይም ለልጆቹ ማስተላለፍ ይችላል። ማስተላለፍ የሚቻለው ግን ገና በአገልግሎት ላይ እያለ ነው። መለዮውን አውልቆ ከወጣ በኋላ ቢለምንም አይሆንለትም።

36ቱን ወር በነርስነት መንገድ ላይ ስናስቀምጠው

እንደ ሂሳብ ሠራተኛ በጀት እናውጣ። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አር.ኤን. ለመሆን መጀመሪያ ቅድመ ትምህርቶች አሉ፤ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂ፣ ብዙ ቦታም ስታቲስቲክስ። በሙሉ ጊዜ ቢያዝ ሁለት ሴሚስተር፣ ማለትም 9 ወር ያህል። ከዚያ ነርሲንጉ ራሱ አራት ሴሚስተር፣ 18 ወር ያህል። ድምሩ 27 ነው። ከ36 ላይ 27 ሲቀነስ 9 ይቀራል። በዚያ 9 ወር አር.ኤን. የሆነ ሰው ወደ ባችለር ዲግሪ የሚያሳድገውን ትምህርት መቀጠል ይችላል። ሂሳቡ ልክ ይመጣል፤ ግን ትርፍ የለውም። አንድ ሴሚስተር ከባከነ ባችለሩ ይጎድላል። ከሁለት በላይ ከባከነ ጉድለቱ የሚታየው ባችለሩ ላይ ብቻ አይደለም፤ ሰውየው በማለቂያው ከኪሱ መክፈል ይጀምራል።

በአቅራቢያችን ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኖቫ የምንለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም በስፕሪንግፊልድ ነርሲንግ ያስተምራሉ። ሁለቱም የመንግሥት ናቸው።

ወሩ የሚባክነው በምን በምን ነው?

አንደኛው በማስታወቂያ ነው። «ወረፋ የለም፣ ቅድመ ትምህርት የለም፣ ጂ.አይ. ቢል እንቀበላለን» የሚል ስልክ ይደወላል። በ2016 አይ.ቲ.ቲ. ቴክ የተባለው ትልቅ የንግድ ትምህርት ቤት በአንድ ጊዜ በመላ አገሪቱ ሲዘጋ ብዙ የቀድሞ ወታደሮች ሜዳ ላይ ቀርተዋል። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ። የስቴቱ የነርሶች ቦርድ ፕሮግራሙን አጽድቆታል ወይ? ኤ.ሲ.ኢ.ኤን. ወይም ሲ.ሲ.ኤን.ኢ. የተባሉት የነርሲንግ መዛኞች ያውቁታል ወይ? ተመራቂዎቹ ኤንክሌክስ የተባለውን የፈቃድ ፈተና በመጀመሪያ ሙከራ ምን ያህሉ ያልፋሉ? የመጨረሻውን መልስ የነርሶች ቦርዶች ለሕዝብ ስለሚያወጡት የትምህርት ቤቱን አፍ ብቻ ማመን አያስፈልግም።

ሁለተኛው በክሬዲት ቁጥር ነው። በመደበኛ ሴሚስተር 12 ክሬዲት ሙሉ ጊዜ ነው። የቤት አበል የሚከፈለው ከግማሽ በላይ ለተማረ ብቻ ነው። 6 ክሬዲት የያዘ ልክ ግማሽ ስለሆነ የቤት አበሉ ዜሮ ነው። 7 የያዘ ግን 60 ከመቶውን ያገኛል። በአንድ ክሬዲት ልዩነት የወር ኪራይ ይመጣል ወይም ይቀራል። ሁሉንም በኢንተርኔት ብቻ የሚማር ደግሞ የአገሪቱን አማካይ አበል ግማሽ ነው የሚያገኘው። አንድ ትምህርት እንኳ ክፍል ገብቶ ቢማር የአካባቢውን ያገኛል። ክሬዲቱን ለማብዛት ሲባል የማያስፈልግ ኮርስ መጨመርም አያዋጣም፤ ለዲግሪው የማይቆጠር ትምህርት አይከፈልለትም።

ሦስተኛው ትምህርት አቋርጦ መውጣት ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ ኮርስ የጣለ ሰው የተከፈለለትን መልስ ሊባል ይችላል። ዕዳው የሚመጣው ከወራት በኋላ፣ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ሕመም ወይም የቤተሰብ ችግር ከሆነ ምክንያቱን በማስረጃ ማስረዳት ይቻላል። ስለዚህ አንድም ኮርስ ከመጣሉ በፊት በትምህርት ቤቱ የቀድሞ ወታደሮችን ምዝገባ የምታረጋግጠዋን ሠራተኛ ያናግር።

አራተኛው አበሉን እንደ ደመወዝ መቁጠር ነው። አበሉ ወሩ ካለቀ በኋላ ነው የሚገባው። በሴሚስተሮች መካከል ባለው ዕረፍትም አይከፈልም። ለስሌት እንዲቀለን 2,000 ዶላር ነው እንበል። በዘጠኝ ወር 18,000 ይሆናል። ኪራይ ግን 12 ወር ነው። 18,000ን ለ12 ስናካፍል 1,500 እናገኛለን። ስለዚህ በእጁ 2,000 ሲገባ 500ውን ለበጋው ያስቀምጥ፤ የሚኖርበት ቤትም በ1,500 የሚከፈል ይሁን። ጥሩው ነገር ይህ ገንዘብ ግብር የለበትም፤ የግብር ቅጹ ላይም እንደ ገቢ አይሞላም። በየወሩ ግን «አሁንም እየተማርክ ነው?» የሚል መልእክት በስልክ ይመጣል። ሁለት ወር ተከታትሎ ያልመለሰ ክፍያው ይቆማል።

የአንዲት ልጃችን ሂሳብ

ፈቅዳልን የአንዲት አባላችንን ልጅ ጉዳይ እናነሣለን፤ ስሟን አንጠራም። አራት ዓመት በጦሩ ሜዲክ ሆና አገልግላለች። እንደ ወጣች በስልክ ያግባባት አንድ የግል ትምህርት ቤት ገባችና 14 ወር ተማረች። ወደ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ልትዛወር ስትሄድ ክሬዲቶቿን አልተቀበሏትም። ወደ እኛ ስትመጣ 22 ወር ነበር የቀራት። የሚያስፈልጋት 27 ነው። እናቷ አጠገቧ ቁጭ ብላ ጣቷን እየቆጠረች «አምስት ወር ከየት ይመጣል?» አለች።

መልሱ የተገኘው ሌላ ኪስ ውስጥ ነው። የቀድሞ ወታደር ፋፍሳ ሲሞላ፣ ዕድሜው ከ24 ቢያንስም የወላጅ ገቢ አይጠየቅም፤ ለብቻው ይቆጠራል። የጂ.አይ. ቢል ገንዘብም እንደ ገቢ አይያዝበትም። ስለዚህ ልጅቷ የፔል ግራንት ተፈቀደላት። የፔል ጣሪያ በ2024–25 የትምህርት ዓመት 7,395 ዶላር ነበር፤ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የዓመቱን ክፍያ ብዙ ጊዜ ይሸፍናል። ቅድመ ትምህርቶቿን በፔል ጨረሰች፤ በዚያ ጊዜ ከ22ቱ ወር አንዱንም አልነካችም። የቤት አበል ስላልነበራት ቅዳሜና እሑድ በሲ.ኤን.ኤ.ነት ሠራች፣ እናቷ ቤትም ኖረች። አሁን 22ቱን ይዛ ለነርሲንጉ 18 ወር ትጠቀማለች፤ 4 ይተርፋታል። ባችለሩን የሚቀጥራት ሆስፒታል የትምህርት እርዳታ ካለው በዚያ ትጨርሰዋለች። ወሩን አልፈጠርንላትም፤ ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው ያስተካከልነው።

ለቆሰለ ወይም ለታመመ ሰው ሌላም በር አለ። በአገልግሎቱ ምክንያት ቢያንስ 10 ከመቶ የጉዳት ደረጃ የተሰጠው ሰው በምዕራፍ 31 ማመልከት ይችላል። አማካሪው ዕቅዱን ካጸደቀለት ክፍያውን፣ መጻሕፍቱን፣ አስፈላጊውን ዕቃም ይሸፍናል። ከጂ.አይ. ቢል በፊት ይህን መጠየቅ ብልህነት ነው።

ስለ ክብር

ገንዘቡ ብቻ አይደለም የሚያስቸግረው። ሜዲክ የነበረ ልጅ በጦሩ ውስጥ ደም አቁሟል፣ መርፌ ወግቷል፣ የቆሰለ ጓደኛውን ተሸክሟል። ወደ ሲቪል ሲመለስ የያዘው ወረቀት የድንገተኛ ሕክምና ሠራተኛነት ነው፤ ነርስ አያሰኘውም። ሆስፒታል ቢቀጠር ፓራሲታሞል እንኳ መስጠት አይፈቀድለትም። ክፍል ውስጥ ከ18 ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጦ የደም ግፊት አለካክ ይማራል። ይህ ያናድደዋል። ብዙዎቹ የሚያቋርጡት ኬሚስትሪው ከብዷቸው ሳይሆን ይህ ከብዷቸው ነው።

ሁለት ነገር ይረዳል። የመጀመሪያው የጦሩን ትምህርት ማስቆጠር ነው። የምድር ጦር፣ የባሕር ኃይልና የማሪን አባላት ጆይንት ሰርቪስስ ትራንስክሪፕት የሚባል መዝገብ አላቸው፤ የአየር ኃይሉ ደግሞ የራሱ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አለው። መዝገቡ በቀጥታ ወደ ኮሌጁ ይላክ፤ የቱ እንደሚቆጠር ኮሌጁ ይወስናል። በጦሩ ውስጥ የኤል.ፒ.ኤን. ሥልጠና የጨረሰና ፈቃዱን ያወጣ ደግሞ ወደ አር.ኤን. የሚያሳጥር መንገድ ስላለው ከዜሮ አይጀምር።

ሁለተኛው እናንተ ናችሁ። እናንተ በአገራችሁ መምህርት፣ ጸሐፊ፣ ባንክ ቤት ሠራተኛ የነበራችሁ፣ እዚህ መጥታችሁ ከሲ.ኤን.ኤ. የጀመራችሁ ናችሁ። ከላይ ወደ ታች ወርዶ እንደገና መውጣት ምን እንደሆነ ከእናንተ በላይ የሚነግረው የለም። «ምን አየህ? ሰው ገደልክ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት። «አናቶሚ እንዴት ነው? እኔ ስማር ነርቮቹ አስቸግረውኝ ነበር» በሉት። እንቅልፍ ያጣ፣ በሩን ዘግቶ የሚውል፣ ወይም መጠጥ ያበዛ ካለ ግን ዝም አትበሉ። 988 ደውሎ 1 ቁጥርን ቢጫን የቀድሞ ወታደሮችን የሚያነጋግር ሰው ቀንም ሌሊትም ያገኛል። እናትም ልጄ አሳሰበኝ ብላ መደወል ትችላለች።

የምንጠይቃችሁ

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ስለዚህ አራት ነገር ለድምፅ እናቀርባለን።

አንድ፣ የመሸጋገሪያ ብድር። የመጀመሪያው አበል እስኪገባ ልጁ ኪራይ ይከፍላል፣ መጽሐፍና ዩኒፎርም ይገዛል። ከመጠባበቂያ ሂሳባችን ለአንድ ሰው እስከ 1,500 ዶላር ያለ ወለድ እንስጥ፤ በየወሩ 250 እየከፈለ በ6 ወር ይመልስ። በአንድ ጊዜ ከሦስት ሰው አይብለጥ። ይህም 4,500 ዶላር ነው፤ መጠባበቂያችን ይችለዋል፣ የሐዘንና የሕመም እርዳታችንንም አይነካም።

ሁለት፣ የወረቀት ቀን። በየሦስት ወሩ አንድ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ቁጭ እንበል። ልጁ ዲ.ዲ. 214 የሚባለውን የስንብት ወረቀቱን፣ ከቪ.ኤ. የመጣለትን የመብት ማረጋገጫ ደብዳቤና ትራንስክሪፕቱን ይዞ ይምጣ። ማረጋገጫው ስንት ወርና ስንት ከመቶ እንደቀረው ይናገራል። ካላመለከተም እዚያው በኢንተርኔት እናመለክታለን፤ ክፍያ የለውም። ከፍላችሁ ላሙላላችሁ የሚል ሰው ቢመጣ አትስሙት።

ሦስት፣ የነርስ እኅት። አር.ኤን. የሆናችሁ እያንዳንዳችሁ አንድ ተማሪ ያዙ። በሳምንት አንድ ሰዓት በስልክ ይበቃል።

አራት፣ ልጅ መጠበቅ። ከውትድርና የተመለሱ ሴቶች ልጆቻችን ብዙዎቹ እናቶች ናቸው። የሆስፒታል ልምምድ ከንጋቱ ጀምሮ ሲሆን በዚያ ሰዓት የሚከፈት መዋያ ማግኘት ይከብዳል። ጡረታ የወጣችሁ እናቶቻችን በሳምንት ሁለት ጠዋት ብትረዱን አንዲት ተማሪ ሴሚስተሯን ትጨርሳለች።

የብድሩ ቅጽ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የነርስ እኅት ለመሆን የምትፈልጉ ስማችሁን ከሻይ ዕረፍቱ በፊት ጻፉልን። የመጀመሪያው የወረቀት ቀን የሚመጣው ወር ሁለተኛ ቅዳሜ ነው፤ ሦስት ተማሪዎች ከወዲሁ ተመዝግበዋል፤ ከእነርሱ አንዱ በ2012 የወጣ ነው፤ ጊዜው እየሄደበት ስለሆነ ከእሱ እንጀምራለን።